የኦዳ አውራ ጣት

ባሌ ፌስቡክ የጀመረው ስልሳን ካለፈ በኋላ ነው። ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜው መቁጠሪያ ይይዛል፤ የኔው ደገፋ ስልክ ያዘ። ያመጣችለት ቡራዩ የምታስተምረው ሴት ልጃችን አያንቱ ናት። «ለኔ ሻሽ እንኳ ሳትገዢ ለሱ ይኼን የሚያክል ስልክ?» ብዬ ደሜ ፈላ። «እማዬ፣ ኦዳ የሚገኘው በዚህ ብቻ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። ሻሹ ይቅር አልኩ።

ኦዳ የመጨረሻ ልጄ ነው። ሱሉልታ ላይ ያለን ሀብት ሜዳውና ላሞቹ ናቸው፤ ሣሩን አጭደን ድርቆሽ እንከምራለን፣ ወተቱ አዲስ አበባ ይወርዳል። ከተማዋን የሚያሰፋ ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር የመጣ ጊዜ ሜዳችን ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተከለ። ኦዳ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ስለነበር ከእኩዮቹ ጋር ለተቃውሞ መንገድ ወጣ። ደገፋ ተቆጣ፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለው። ልጁ ለአባቱ አልመለሰም። ወደኔ ዞሮ «አባባ ስለፈራ ሁላችንም እንፍራ?» አለኝ። ከስድብ ሁሉ የሚብሰው ይኼ ነው፤ ሰውዬው እፊትህ ቆሞ እንደሌለ ሰው ማማት። ደገፋ ከተቀመጠበት ተነሳና «እንግዲያው ስሞት አንተ እንዳትቀብረኝ» አለው።

አባት ይኼን ለልጁ ካለ ምን ሌላ የሚለው ቀረ? ኦዳ በማግስቱ ከቤት ወጣ። ቤታችን ተፈተሸ፣ ልጁ ይፈለጋል ተባለ፣ ስልኩም ተዘጋ። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ተሰርዟል ሲባል እኔ ሞኟ ቤት ጠርጌ ጠበቅኩት። አልመጣም። አንዱ ሞያሌን ተሻገረ ይለኛል፣ ሌላው ታስሯል ይለኛል፣ እኔ ለሁሉም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ደገፋ ስሙን አይጠራም ነበር። ማታ ማታ ግን በሩን የሚዘጋው እሱ ነው፣ ከመዝጋቱም በፊት ወደ መንገዱ ብዙ ያያል።

ኦዳን ፌስቡክ ላይ ያገኘችው አያንቱ ናት። ስሙን ለውጦ «ዳማ» ብሏል፣ ፊቱ በሚሆንበት ቦታ የላም ፎቶ አድርጓል። ዳማ ማለት እሱ ሕፃን ሆኖ ከጥጃዋ ጋር ካልተኛሁ ብሎ የሚያለቅስባት ላማችን ነበረች። ይኼን ከኛ ቤት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ደገፋ ይኼን ሲሰማ «ልጄ ላም ሆነ በይኛ» ብሎ ሳቀ፤ ልጁ ከሄደ ወዲህ ሲስቅ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው። አያንቱ ለዳማ ደጋግማ ጻፈችለት፣ ዳማ አልመለሰም። ደገፋ ግን አዲስ የተወለደች ጥጃ ፎቶ አንስቶ ሲለጥፍ፣ እኔ ወተቱን አልቤ ሳልጨርስ ሰማያዊ አውራ ጣት መጣች። ከሥሯ «ዳማ» ይላል።

እናንተዬ፣ አንዲት አውራ ጣት ሰውን እንዲህ ታሳብዳለች? ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ፎቶ ያልተነሳ ነገር አልቀረም። አጥሩ ተነሳ፣ ድንቹ ተነሳ፣ የተሰበረው የጋሪ ጎማ ተነሳ። እኔ ላም ሳልብ ከኋላ ተነስቼ ለዘመድ ሁሉ ታየሁ፤ ያን ቀን ስልኩን እወተቱ ውስጥ ልነክርበት ምንም አልቀረኝም ነበር። ማታ ሲሆን ከጎኔ ተቀምጦ መነጽሩን ያስተካክልና «ሃዳ አያንቱ፣ ነካው» ይለኛል። የአያንቱ እናት ማለቱ ነው፤ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። «ነካው?» እላለሁ። «ነካው» ይላል። ልጃችን በሕይወት አለ ማለት ነው። ሌላ ወሬ አልነበረንም፤ እኔም በዚያችው አውራ ጣት ተደስቼ እተኛለሁ።

መጀመሪያ ለኦዳ ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩ ራሱ ጣመው። ድሮ ዘመድ የሚገናኘው በሠርግና በለቅሶ ነው። አሁን የጫንጮው ዘመድ ጥጃችንን ያደንቃል፣ የለገጣፎዋ የዘመድ ምራት አጥራችሁ ዘመመ ትለናለች። ደገፋ ደግሞ ነገር አያስቀርም። ለእያንዳንዱ አውራ ጣት መሠረተ ትምህርት የተማራትን ፊደል እየለቀመ «ነጋ ዳ? ሰላም ነው? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና? ዝናቡስ?» ብሎ ይጽፋል። አያንቱ «አባባ፣ ላይክ ላደረገ ሁሉ እኮ አይመለስም» ብትለው «ሰላም ያለሽን ሰው ዝም በይው ብሎ ማን ነው ያስተማረሽ?» አላት። 

ለዳማ ብቻ አይጽፍም። «ለሁሉ ጽፈህ ለልጅህ ትጨክናለህ? ይቅር ብዬሃለሁ በለው» እለዋለሁ። «አባት እኔ ነኝ፤ እሱ ይቅደም። አውራ ጣትማ ማንም ይጫናል። አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብቻ ይጻፍልኝ» ይላል። አባትና ልጅ በግትርነት አንድ ናቸው፣ እኔ መሐል ቤት ስንጨረጨር ኖርኩ።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ መስከረም፣ ብዙ ሰው ካለቀበት ከኢሬቻው በኋላ፣ አገሩ ሁሉ ሐዘን ላይ ነበር። ያን ሰሞን ፌስቡክ ላይ የሟች ፎቶ ቀለሙ ተገፎ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይለጠፋል፣ ያየ ሁሉ ነፍስ ይማር ይላል። እኛ የፎቶውን ነገር በኋላ ነው የሰማነው። ደገፋ ድርቆሽ ላይ ስለነበር የራሱን ይለጥፋል እንጂ የሰው ለማየት ጊዜ አልነበረውም።

ግድግዳችን ላይ በወጣትነቱ ጉለሌ የተነሳው ፎቶ አለ። ጣራው አፍስሶበት ግማሽ ፊቱ ጠፍቷል፤ ለሱ ያዝንለታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ሲነካካ ቀለም የሚያጠፋውን ነገር አገኘው። ከዚያማ ማን ይመልሰው፤ ጋቢውን ለበሰ፣ ወንበር አስወጥቶ ወደ እንጦጦ ዞሮ ተቀመጠና ራሱን አነሳ። «እይ፣ ፎቶ ማለት ይኼ ነው። ቀለም ያለበት ሰውን ያቃልላል» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ አምሮበታል። ዓይኑ ላይ ያገባሁትን ልጅ አየሁት። ለጠፈው። ብዙም ሳይቆይ፣ ማን ምን እንዳለው ሳያይ፣ ኔትወርኩ ጥፍት አለ። እሱ ስልኩ የተበላሸ መስሎት ሲያጠፋና ሲያበራ አመሸ፤ ለካ ኢንተርኔቱ በአገር የተዘጋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ክምሩ አናት ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ከሥር ድርቆሹን በመንሽ አቀብለዋለሁ። ከመንገዱ በኩል ለቅሶ ሰማን። ሰዎች እየጮኹ ወደኛ ይመጣሉ፣ ከኋላቸው የዕድር ድንኳን የጫነ ጋሪ ይከተላል። በኛ አገር ለቅሶ ወዳንተ ከመጣ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። ደገፋ ከክምሩ ተንሸራቶ ወረደ፣ ጋቢውን አናቱ ላይ ጣለ፣ እያለቀሰ ለቀስተኛው መሐል ገባ።

እኔ ግን አልጠየቅኩም። የመጣብኝ ኦዳ ነው። ልጄ ተገድሎ መርዶ ሊያረዱኝ መጡ ብዬ እዚያው ድርቆሹ ላይ ወደቅኩ። ደረቴን ስመታ፣ ስሙን ስጠራ፣ ሴቶቹ ከበው ሊያነሱኝ ሲታገሉ፣ አያንቱን በመሐላቸው አየኋት። አባትሽ ትንሽ አሞታል ብለው ከቡራዩ ያመጧት ናት፤ እሷም ገብቷት መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ መጥታለች። «አባባዬ» ስትል ሰማሁ። «አባባዬ» ለምን ትላለች ብዬ አሰብኩ፤ ማሰብ ከተባለ።

ዲሪርሳ የሚባል የደገፋ የአጎት ልጅ አለ፣ ሰበታ የሚኖር፤ አንድ ቤት አብረው ከብት እየጠበቁ ያደጉ ናቸው። እሱም በሌሊት ተነስቶ ሦስት ታክሲ ለውጦ ለቅሶ መጥቷል። ከጎኑ ጋቢ ተከናንቦ የሚያለቅሰውን ሰው አቅፎ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ይላል። ያቀፈው ሰው እንባውን እየጠረገ ቀና አለና «ዲሪርሳ፣ ማን ነው የሞተብን?» ብሎ ጠየቀው።

ዲሪርሳ አፉን ከፍቶ አየው። «አንተ ነህ» አለው።

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየቆመ ሄደ። ከኋላ ያሉት ገና ስላልሰሙ ቀጥለው ነበር። አያንቱ አባቷን ስታይ ተንደርድራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና በጡጫ ትደበድበው ጀመር። የዕድራችን ዳኛ ወንዳፍራሽ፣ ሱቅ ያለው፣ ነገር አዋቂ ሰው ነው፤ ላቡን ጠርጎ «ኦቦ ደገፋ፣ በዚህ ሰሞን ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚለጠፈው ለማን እንደሆነ አያውቁም እንዴ?» አለ። ደገፋ አላወቀም። ፎቶው እንደተለጠፈ አንዱ ነፍስ ይማር ብሏል፣ ሌላው ተከትሎታል፣ ከዚያ ኢንተርኔቱ ተዘጋ። «ታዲያ ደውላችሁ ብትጠይቁስ?» አልኩ እኔ። «እትዬ ኤቢሴ፣ ሞት በስልክ ይጠየቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይጠየቅም።

ከዚያ ሳቁ መጣ። የመጣውን ሰው ባዶ ሆዱን አይሸኙትም፣ ድንኳኑም ከመጣ ወዲያ አይመለስም፤ ተተከለ። ለለቅሶ ያመጡትን ንፍሮ ደገፋ ራሱ እየዘገነ «የራሱን ንፍሮ የበላ ማን አለ?» ይላል። የለቀስተኛውን ብዛት ሲያይ ደግሞ ኮራ። «ይኼ ሁሉ ሰው ለኔ?» እያለ አንገቱን ወዲህ ወዲያ ያዞራል። ሞቱን እንዲህ የወደደ ሰው አላየሁም።

እኔ ግን ሳቁ አልወርድ አለኝ። «ደገፋ፣ ኦዳስ?» አልኩት።

እጁ ንፍሮው ላይ ቆመ። ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ኔትወርኩ ባይኖርም የትናንቱ ፎቶ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ሞት ያልጠረጠሩ ሰዎች አውራ ጣቶች አሉ፣ የመጀመሪያው ነፍስ ይማርም አለ። ዳማ ግን የለም። ከዚያ በፊት ዳማ ያልነካው ፎቶ አልነበረም። «ምናልባት አላየውም» አለች አያንቱ።  የሞተ ሰው ፎቶ ላይ አውራ ጣት እንደማይጫን እሷም ታውቃለች።

ደገፋ ድምፁ ወረደ። «ስሞት እንዳትቀብረኝ ብዬዋለሁ» አለ። «አሁን የሞትኩ ይመስለዋል። የመጨረሻ ቃሌ ያ ይሆናል በእሱ ዘንድ።» ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቅድም ለማያውቀው ሟች ያለቀሰው ሌላ ነው፤ ይኼኛው ከአንጀቱ ነበር። አንጀቴን በላው። ግን እኔ ካዘንኩ እቆጣለሁ፣ ተፈጥሮዬ ነው። «አልቅሰህ ከጨረስክ ተነስ። በፎቶ ሞተሃል፣ በፎቶ ትነሳለህ» አልኩት።

ያለ ኢንተርኔት ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ የሚላክበት ዜንደር የሚሉት ነገር አለ፤ ወጣቶቹ ዘፈን የሚቀባበሉበት። አያንቱ አባቷን ድንኳኑ ፊት አቆመችው፣ በቀለም፣ ከራሱ የማይለየውን ቀይ ቆቡን እንዳደረገ። በአንድ እጁ የንፍሮ ሳህን ይዟል። ልታነሳው ስትል «ቆይ» አላትና በሌላው እጁ አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አነሳ። «በኔና በዚያ ልጅ መሐል ያለው ምልክት ይኼ ነው» አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው አንድም ሳይቀር ፎቶውን በስልኩ ተቀበለ። ጫንጮ የሚሄደው ወሰደ፣ ለገጣፎ የምትመለሰው ወሰደች፣ የወተት መኪናው ሹፌር ወሰደ፣ ዲሪርሳም ወደ ሰበታ ይዞ ሄደ። «ላገኛችሁት ሁሉ ላኩ። ይኼ ሰውዬ አልሞተም በሉ» እያልኩ ከደጃፍ ሸኘኋቸው።

ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። መንገዱ በፍተሻ ተሞላ፣ ስልክ ሳይቀር ይታያል። ሽማግሌ ንፍሮ ሲበላ የሚያሳይ ፎቶ ግን ምን ይባላል? አንዱ ወታደር ስቆ ለኔም ላኩልኝ አለ ብለው ነግረውናል። ፎቶው እኛ የማናውቀው አገር ደረሰ። ከኦዳ ግን ወሬ የለም። ደገፋ ስልኩን ሳጥን ላይ አስቀመጠው፤ ጥጃ ተወለደች፣ አላነሳትም። ማታ ከጎኔ ሲቀመጥ ነካው አይለኝም። «ነካው?» ብዬ የምጠይቀው ነገር ሲጠፋብኝ፣ ያን ስልክ እንዴት ወድጄው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ድርቆሹ ተከምሮ ብርዱ ሲጠነክር ዲሪርሳ ብቻውን መጣ። ሰላምታውን እንኳ ሳያደርስ ከኪሱ መሐረብ አወጣ። በጥርሱ ቋጠሮውን ፈታ፤ የጥፍር ያህል ሚሞሪ ካርድ ወጣች። በፍተሻው ፈርቶ ከስልኩ አውልቆ ቋጥሯት ነው የመጣው። ደገፋ ስልኩን ከሳጥኑ አነሳ፣ ዲሪርሳ ተቀብሎ ካርዷን አስገባለት።

ኦዳ ነው። ፎቶው ላይ ልጄ ከስቷል፣ ጉንጩ ገብቷል። የሰው ስልክ ደረቱ ላይ ይዟል፤ ስልኩ ላይ አባቱ ንፍሮ እየበላ አውራ ጣቱን አንስቷል። ኦዳም አውራ ጣቱን አንስቷል። ዓይኑ አብጧል፣ ጥርሱ ግን ይታያል። ፀጉሩን ተላጭቷል። ያ እንደ እኔ የሚጠቀለለው ፀጉሩ አንዲት ሳትቀር ተላጭታለች፣ አባቱ ለሞተበት ልጅ እንደሚገባው።

«ሰበታ ነው» አለ ዲሪርሳ። «አፍንጫዬ ሥር፣ ሕንፃ ላይ ድንጋይ ሲሸከም ነው የከረመው። ጥቁርና ነጩን ፎቶህን ሲያይ ፀጉሩን ተላጨና በእግሩ ተነሳ። ልትቀብረኝ አትምጣ ብሎኛል፣ ቢሆንም እቀብረዋለሁ ብሎ። ቡራዩ ሲደርስ መንገዱ ተዘግቷል፣ መታወቂያ ይጠየቃል፤ መለሱት። የሥራ ጓደኞቹ አሸዋው ላይ ሸራ ዘርግተው ለቅሶ አስቀመጡት። ኋላ አንዱ ጓደኛው ይኼን ፎቶ ከሰው ስልክ አመጣለት። ከማን እንደመጣ ሲጠያይቁ እኔ ዘንድ ደረሱ።»

«ሳቀ ወይስ አለቀሰ?» አልኩት።

«እኔ ሳገኘው ሁለቱንም ጨርሶ ነበር» አለኝ።

ሞያሌ ስንል ሰበታ። ጠዋት ወጥተህ ለማታ የምትመለስበት አገር። ልቆጣ ፈለግኩ፣ ተውኩት።  ደገፋ አውራ ጣቱን ፎቶው ላይ አደረገ፣ የልጁ የተላጨ ራስ ላይ። ነገሩ እንደሚነካ መስሎት ነው ብዬ «ይኼ እኮ ሚሞሪ ነው፣ እዚህ ላይ አይነካም» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ፤ ጣቱን ግን አላነሳም።

በሌላው እጁ ቀይ ቆቡን ከራሱ አወለቀና ለዲሪርሳ ሰጠው። «ፀጉሩ እስኪያድግለት ያድርገው። የሰበታም ቢሆን የጠዋት ብርድ ብርድ ነው» አለው። ከዚያ ወደኔ ዞረና «አንሺኝ» አለ። ፎቶ አንስቼ አላውቅም። የት እንደሚነካ አሳየኝና በዚያ ብርድ ራሱን ባዶ አድርጎ ቆመ። ያነሳሁት ትንሽ ተዛንፏል፣ ግን በቀለም ነው።

ዲሪርሳ ፎቶው የገባባትን ካርድ መልሶ መሐረቡ ላይ ቋጠራት። ደገፋ እስከ መንገዱ ሸኘው፣ እኔም ተከተልኩ። መኪና ሲመጣ እጁን ያዘውና «ስሞት የሚቀብረኝ እሱ ነው በለው» አለው። «አይቸኩል ደግሞ በለው» አልኩ እኔ።